አደንዛዥ ዕፅ በጭንቅላት ውስጥ ምን ይሠራል?



በጎንደር ገጠር ያደግን ሁሉ አስተናግርን እናውቀዋለን። በጓሮና በመንገድ ዳር የሚበቅል፣ ነጭ የጥሩምባ ቅርጽ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው ተክል ነው። ፍሬውን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ወላጆቻችንም «እንዳትነኩት!» እያሉ አሳድገውናል። ይህ ተክል በእስራኤልም ይበቅላል። ነገር ግን እዚህ አገር ልጆቻችንን የሚያገኟቸው ብዙዎቹ ዕፆች እኛ አይተናቸው የማናውቅ ናቸው። ስለዚህ «እንዳትነኩ» ከማለታችን በፊት እኛው ራሳችን ልናውቃቸው ይገባል።

አንጎላችን መልእክት የሚያስተላልፈው ራሱ በሚሠራቸው ቅመሞች ነው። እያንዳንዱ ቅመም እንደ ቁልፍ ነው፤ የሚገባበት የራሱ ቀዳዳ አለው። አደንዛዥ ዕፅ ደግሞ አስመስሎ እንደ ተሠራ ቁልፍ ነው። አስተናግር አሴቲልኮሊን የተባለው ቅመም የሚገባበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ኤል ኤስ ዲና አንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች ደግሞ በሴሮቶኒን ቀዳዳ ይገባሉ። ኤል ኤስ ዲን የስዊዘርላንዱ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን በ1938 ሠራው፤ የሚያደርገውን ግን በራሱ ላይ ያየው በ1943 ነው። የወሰደው ሰው ቀለምና ድምፅ ይቀላቀልበታል፣ ሰዓቱ ይጠፋበታል፤ ብዙውን ጊዜም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። በዚህ መካከል ከባድ ፍርሃት የሚይዘው አለ።

የሐሺሽ ምስጢር የተፈታው ግን በዚሁ በከተማችን በረሖቮት ነው። ከኦሺዮት ሰፈራችን ብዙም በማይርቀው በማኾን ቫይጽማን፣ ፕሮፌሰር ረፋኤል መሹላምና ባልደረባቸው የሒኤል ጋዖኒ የሚያሰክረውን ቅመም፣ ቲ ኤች ሲን፣ በ1964 ለይተው አወጡ። መሹላም እንደ እኛው ኦሌ ነበሩ፤ በ1949 ከቡልጋሪያ መጡ። ለምርመራው 5 ኪሎ ሐሺሽ ከፖሊስ ተቀብለው በአውቶቡስ ተሳፍረው እንደ ሄዱ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። በ1992 ደግሞ በኢየሩሳሌም ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በዚያው ቀዳዳ የሚገባውን አንጎል ራሱ የሚሠራውን ቅመም አገኙ። መሹላም በ2023 አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ኬሚስቶች ለምርምር ብለው ሰው ሠራሽ ቁልፎችን ሠሩ። ነጋዴዎች እነዚህን በደረቅ ቅጠል ላይ እየረጩ «ናይስ ጋይ» በሚባል ስም በየፒጹጺያው ሸጡ። ቲ ኤች ሲ ቀዳዳውን በከፊል ሲከፍት፣ ሰው ሠራሹ ግን ሙሉ በሙሉ ይከፍተዋል። ቅጠሉ ላይ ያለው መጠንም እኩል አይደለም፤ ከአንዱ ፓኬት ሁለት ልጆች አጭሰው አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊወድቅ ይችላል። ልብ ይመታል፣ ያስመልሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ አእምሮም ያስታል። እስራኤል በ2013 ይህን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ስለዚህ ልጃችን «በሱቅ የተሸጠ ነው፣ ጉዳት የለውም» ቢለን አንቀበለው። «ካናቢስ መድኃኒት ነው» ቢለንም፣ ሐኪም መጠኑን ለክቶ ለበሽተኛ የሚያዘው ሌላ፣ አንጎሉ ገና በማደግ ላይ ያለ ወጣት በመንገድ የሚያጨሰው ሌላ መሆኑን እንንገረው።

ወላጆች ሆይ፣ ከሁሉ በላይ የምንፈራው ዝምታን ነው። ልጅ ታሞ ሳለ ጎረቤት እንዳይሰማ ብለን በር ዘግተን «ሲነጋ ይለቀዋል» ብለን ብንጠብቅ፣ የምናጣው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሹ ካነሰ ወዲያውኑ ወደ ማጌን ዳዊድ አዶም በ101 እንደውል። ዕብራይስጥ የማንችልም ይህችን አንዲት ቃል እንያዝ፦ «ሃየሌድ ላቃሕ ሳሚም» (ልጁ አደንዛዥ ዕፅ ወስዷል)። ቀጥሎ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር እንናገር። ራሱን የሳተውን በጎኑ እናስተኛው፤ ምንም አናጠጣው፣ በግድም አናስመልሰው። የተገኘውን ፓኬት ሳንጥል ለሐኪሙ እናሳይ። በ1996 የወጣው የበሽተኞች መብት ሕግ ሐኪሙ ምስጢር እንዲጠብቅ ያዛል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ልጆቻችንን ከመቆጣታችን በፊት እንጠይቃቸው፤ ሲመልሱልንም እንስማቸው።