«ምንም አልሆነም» የተባለ ግጭት ሲመነዘር

ጓዝ የሚጭን ተሽከርካሪ ወደ አውሮፕላን ሲጠጋ ጎኑን ገፋ ቢያደርገው፣ በአሉሚኒየም ገላ ላይ ስርጉድ ይተዋል። ስርጉዱ ታይቶና ተለክቶ የጥገናው ሒሳብ ይሠራል። በኮምፖዚት በተሠራ ገላ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገላው ገባ ብሎ ተመልሶ ይነሣል፤ ቀለሙ እንኳ ላይጫር ይችላል። ላዩ ደህና ነው ተብሎ ውስጡ ለቄስ ከተተወ ግን ኪሳራው ከባድ ነው።

ኮምፖዚት የሚባለው የካርቦን ወይም የመስታወት ክር በሙጫ ተነክሮ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ተደርቦ በሙቀት የሚጠነክር ዕቃ ነው። ጥንካሬው ከክሩ ይመጣል፤ ንጣፎቹን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ግን ሙጫው ነው። ጥይት በፍጥነት መጥቶ ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል። ቀስ ብሎ የመጣ ክብደት ግን ገላውን እያጎበጠ ጉልበቱን በሰፊው ይበትናል። በመጀመሪያ ሙጫው ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ንጣፎቹ ይላቀቃሉ፣ ግጭቱ ከበረታም ክሩ ይበጠሳል። ጉዳቱም ከተመታው ፊት ይልቅ ወደ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል።

እንዲህ የተጎዳ ገላ ሲሳብ ብዙም ላይታወቅበት ይችላል። ችግሩ ሲጨመቅ ነው። የተላቀቁት ንጣፎች መደጋገፋቸው ቀርቶ በየፊናቸው ይጎብጣሉ፤ ጭነት የመሸከም አቅሙም እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም። ከቦይንግ 787 ክብደት ግማሽ ያህሉ፣ ከኤርባስ ኤ350 ደግሞ 53 በመቶው ኮምፖዚት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያውን 787፣ በ2016 ደግሞ የመጀመሪያውን ኤ350 ሲረከብ በሁለቱም ከአፍሪካ ቀዳሚ ነበር። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት፣ መከላከያ ካልተበጀለት አውሮፕላኖች መሬት ላይ ሳሉ የሚደርስባቸው ጉዳት በ2035 በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል።

የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የኮምፖዚት ጉዳትን በአምስት ደረጃ ከፍሎታል። አንደኛው በዓይን ለመለየት የሚያዳግት ጉዳት ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ሲነደፍ ጀምሮ ይህን ችሎ ሙሉ ጭነቱን እንዲሸከም ይጠበቃል። አምስተኛው ግን በንድፉ ስሌት ያልገባ ነው። ከባድ የተሽከርካሪ ግጭት የሚመደበው እዚህ ላይ ነው። መድኅኑም አንድ ብቻ ነው፦ ያየው ወይም ያደረሰው ሰው ወዲያውኑ መናገር አለበት።

ጥቆማው ከደረሰ ምርመራው አያስቸግርም። ልምድ ያለው ባለሙያ ገላውን በሳንቲም ኳ ኳ ሲያደርግ፣ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ፣ የተላቀቀው ደግሞ የደነዘዘ ድምፅ ይሰጣል። የድምፅ ሞገድ የሚልክ መሣሪያም የጉዳቱን ስፋት ለክቶ ያሳያል። ቦይንግ እንደሚለው ለ787 አነስተኛ ጉዳት የሚሆን ጊዜያዊ ጥገና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይለጠፋል። ሰፊ ጉዳት ሲሆን ግን የተበላሸው ተፍቆ፣ አዲስ ንጣፍ ተደርቦ፣ በሙቀት መጠንከር አለበት። እስከዚያ አውሮፕላኑ ይቆማል፤ የቆመ አውሮፕላን ደግሞ ገቢ የለውም።

ለኢንሹራንስ ሰዎችም ጥያቄው ይኸው ነው። ግጭቱ በዕለቱ ካልተመዘገበ፣ ከወራት በኋላ የተገኘው ንቅናቂ የማን ተሽከርካሪ ያደረሰው እንደሆነ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ የመሬት አገልግሎት ውል የሚዋዋል ሁሉ ከዋጋው ጋር አንድ ነገር ቢያይ ይበጀዋል፦ ገጨሁ ብሎ የተናገረ ሾፌር ደመወዙ ይቆረጣል ወይስ ይመሰገናል? ደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነ ሾፌሩ ዝም ይላል፤ የዝምታው ሒሳብ ደግሞ ከደመወዙ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።