የአሳማ ጥርስ ምስክርነት

በ1972 እ.ኤ.አ. በርናርድ ንጌኔዮ የተባለ ኬንያዊ የቅሪተ አካል ፈላጊ በሩዶልፍ ሐይቅ (በዛሬው ቱርካና) ምሥራቃዊ ዳር፣ ኩቢ ፎራ በሚባለው አካባቢ፣ የተሰባበረ የራስ ቅል አገኘ። ስብርባሪው ሲገጣጠም በዘመኑ ያልተጠበቀ ትልቅ አንጎል ያለው የሰው ዘር ሆነ። የመዝገብ ቁጥሩ 1470 ነው። ዓለምን ያነጋገረው ግን ከአንጎሉ መጠን ይልቅ ዕድሜው ነበር። የቡድኑ መሪ ሪቻርድ ሊኪ 2.9 ሚሊዮን ዓመት ሰጠው።

ይህ ቁጥር የመጣው ከራስ ቅሉ ሳይሆን ከበላዩ ከተነጠፈ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ኬቢኤስ ይባላል፤ በ1969 እዚያው የድንጋይ መሣሪያዎች ባገኘችው በወጣቷ ተመራማሪ በኬይ ቤረንስማየር ስም የተሰየመ ነው። ፍራንክ ፊች እና ጃክ ሚለር የተባሉት እንግሊዛውያን አመዱን በፖታሲየምና አርጎን ዘዴ ለክተው 2.6 ሚሊዮን ዓመት አሉት። ከአመዱ በታች የተገኘ ቅል ደግሞ ከዚያ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። አሳማዎቹ ግን አልተስማሙም።

ሜዳ ላይ መንጋጋ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ባለቤቱ ምን ይበላ እንደነበር ነው፤ መልሱ ጥርሱ ላይ አለ። የበሬና የሚዳቋ መንጋጋ ጥርስ ላዩ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጠርዞች አሉት። የጅብ ጥርስ አጥንት የሚሰብር ወፍራም ሾጣጣ ነው። አሳማ ያገኘውን ሁሉ ስለሚበላ ጥርሱ ጉብታ ጉብታ አለው፤ በዚህም ከሰው ጥርስ ጋር ይቀራረባል፣ ሲያረጅና ሲሟሽሽ ደግሞ አዋቂንም ያሳስታል። በአሜሪካ ነብራስካ የተገኘ አንድ ጥርስ በ1922 የሰው መሰል ፍጡር ነው ተብሎ ታውጆ፣ በ1927 የአሳማ ዘመድ የሆነ እንስሳ ጥርስ መሆኑ ታምኗል።

ከአሳማ ጥርሶች ሁሉ ብዙ የሚናገረው ከኋላ መጨረሻ ላይ የሚበቅለው ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ ነው። በባሌ ዲንሾ ተንበርክኮ ሣር የሚግጠው ከርከሮ ይህ ጥርሱ ረጅምና ከፍ ያለ ነው፤ ከጎን ሲታይ አንድ ላይ እንደታሰረ ጧፍ በቀጫጭን ዓምዶች የተሞላ ነው። ሣር ውስጥ ጥርስን የሚፈጭ ሲሊካ ስላለ፣ ሣር የሚያዘወትር እንስሳ በቶሎ የማያልቅ ጥርስ ያስፈልገዋል። በጥንቱ ምሥራቅ አፍሪካም ብዙ የአሳማ ዝርያዎች ወደ ሣር ባዘነበሉ ቁጥር የመጨረሻ ጥርሳቸው ከትውልድ ትውልድ ረዘመ፤ ከኋላው አዳዲስ ጉብታዎች ተጨመሩበት። ስለዚህ የጥርሱን ርዝመት የለካ ሰው እንስሳው የኖረበትን ዘመን መገመት ይችላል። ለዚህ ግን አስቀድሞ ዕድሜው በደንብ የታወቀ ቦታ ያስፈልገዋል።

ያ ቦታ የኢትዮጵያው ኦሞ ነበር። ከ1967 ጀምሮ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ቁፋሮ ጀምረው ነበር፤ አሜሪካውያኑን የመራው ክላርክ ሃዌል ነው። ሹንጉራ በሚባለው ሥፍራ በመቶ ሜትሮች የሚለካ ደለል ተከምሯል፤ በመካከሉ የሚያልፉት የአመድ ንጣፎች በፊደል ቅደም ተከተል ተሰይመዋል፣ የበርካቶቹም ዕድሜ ተለክቷል። በንጣፎቹ መካከል የአሳማ ጥርስ ሞልቷል። ሁሉም የሰው ዘር ለማግኘት በሚጓጓበት ዘመን የአሳማ መንጋጋ ያነሡ፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣም በጥንቃቄ የመዘገቡ ሰዎች የዚህ ታሪክ ትልቁ ባለውለታ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ከየት እንደተነሣ ያልተጻፈለት ጥርስ የማን እንደሆነ ይናገር ይሆናል፤ መቼ እንደኖረ ግን አይናገርም።

ጥርሶቹን የለካቸው ደቡብ አፍሪካ የተወለደው፣ በካናዳ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ባዝል ኩክ ነው። ሜሶኬረስ የተባለውን አሳማ መርጦ የኦሞውን ከኩቢ ፎራው ጋር አስተያየ። ከኬቢኤስ አመድ በታች የወጡት ጥርሶች በኦሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካላቸው ጋር ገጠሙ። አመዱ በእርግጥ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ቢሆን ኖሮ የሚጠበቀው አጠር ያለ ጥርስ ነበር።

የሊኪ ወገን በቀላሉ አልተቀበለም። የኩቢ ፎራ አሳማዎች በተለየ አካባቢ ስለኖሩ ጥርሳቸው ቀድሞ ረዝሞ ይሆናል ተባለ። ይህ መከራከሪያ አያሳምነኝም፤ አንዱ ቦታ በሐይቁ ዳር፣ ሌላው ወደዚያው ሐይቅ በሚፈሰው ወንዝ ዳር ነው፤ አሳማን ከአሳማ የሚለይ ተራራም ባሕርም በመካከላቸው የለም።

በ1975 የበርክሌዩ ጋርኒስ ከርቲስ አመዱን እንደገና ለክቶ 1.8 እና 1.6 ሚሊዮን ዓመት አገኘ። በ1977 ደግሞ ቲም ዋይት እና ጆን ሃሪስ የአፍሪካን ጥንታዊ አሳማዎች አንድ በአንድ መርምረው ከኩክ ጋር የሚስማማ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። የመጀመሪያው ልኬት ችግርም ግልጽ እየሆነ መጣ። አመዱን ወደ ኩቢ ፎራ ያመጣው ውኃ ስለነበር፣ በመንገዱ ከሌላ ድንጋይ የተፈረፈሩ እጅግ ያረጁ ቅንጣቶች ተቀላቅለውበታል። እንዲያውም ለፊች እና ለሚለር መጀመሪያ የተላከው ናሙና ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሚል ውጤት ሰጥቶ ነበር። ያኔ የተጣራ ናሙና እንዲላክላቸው ጠየቁ፤ 2.6 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1979 ቱሬ ሰርሊንግ፣ ፍራንክ ብራውን እና ባልደረቦቻቸው የአመዶቹን ኬሚካላዊ ይዘት አነጻጽረው፣ ኬቢኤስ በሹንጉራ ኤች-2 ከሚባለው አመድ ጋር አንድ መሆኑን አሳዩ። ኩክ በጥርስ ያገናኛቸው ሁለት ቦታዎች በአመዱም ተገናኙ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ካንቤራ የኢያን ማክዱጋል ልኬት የኬቢኤስን ዕድሜ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ አቆመው፤ ቁጥር 1470ም ከ2.9 ሚሊዮን ወርዶ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ግድም መጣ።