«ደህና ነኝ» ያለች ልጅ

ሆላንድ ውስጥ ልጅ ያለው ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት አልጋ ላይ አያረፍድም። ከፋሲካ በኋላ ልጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ ከአምስተርዳም ብዙም በማትርቅ ከተማ ሁለት ወር በተቀመጥኩበት ጊዜ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሹ የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ፣ ከፊሉ በመኪና ከፊሉ በብስክሌት፣ ወደ ስፖርት ሜዳ ይተማል። የ13 ዓመቷ የልጅ ልጄ የምትጫወተው የሜዳ ሆኪ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት በግንቦት ወር ከእሷ ክለብ ጋር ስላሳለፍኩት አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። ቁም ነገሩ ግን ስንት ለስንት ወጡ አይደለም። ልጅ «ደህና ነኝ፣ ልጫወት» ብላ ስታለቅስ «አይሆንም» የሚላት ማን ነው የሚለው ነው።

ሆኪ ለእኛ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን በየገጠሩ ሜዳ፣ አዲስ አበባም ጃንሜዳ ላይ፣ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ጥንግ እየመቱ ገና ሲጫወቱ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ገና ላይ የተጫዋቹም ቁጥር የሜዳውም ስፋት እንደ አካባቢው ነው። በዚያ ዕለት ሎሌ ከጌታው ጋር እኩል ይጋፋል፣ ጌታውም አይቆጣም ይባላል። ሆኪ ግን ሁሉ ነገሩ የተለካ ነው። ሜዳው ከ91 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርዝመትና 55 ሜትር ስፋት አለው። በየቡድኑ 11 ተጫዋች ይገባል። ኳሷ ወደ 160 ግራም ትመዝናለች፤ ትንሽ ናት፣ ግን እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች። ዱላው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ድቡልቡል ነው፤ መምታት የሚፈቀደው በጠፍጣፋው ብቻ ነው። ከግብ ጠባቂዋ በቀር ኳሷን በእግር መንካት አይቻልም። ግብ የሚቆጠረውም በግቡ ፊት ከተሰመረው ግማሽ ክብ ውስጥ ከተመታ ነው።

ሆላንዶች በዚህ ጨዋታ የታወቁ ናቸው። የሆኪ ፌዴሬሽናቸው የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ነው። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ወንዶቹም ሴቶቹም ወርቅ ወስደዋል። እኔን ያስገረመኝ ግን ከዚያ በታች ያለው ነው። በልጅ ልጄ ቡድን ዙሪያ ደመወዝ የሚበላ ሰው አላየሁም። መኪና የሚነዳው ወላጅ ነው፤ ማልያ የሚያጥበው ወላጅ ነው፤ ለእረፍት ብርቱካን የሚልጠው ወላጅ ነው። በክለቡ ሻይ ቤት ቡና የሚቀዳውና ድንች የሚጠብሰውም ተራ የደረሰው ወላጅ ነው። ዳኞቹ ከክለቡ አባላት መካከል የሕጉን ትምህርት የወሰዱ ወጣቶችና አባቶች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ዓርብ ማታ ልጄ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን አየች። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ ናት። «እማዬ፣ ነገ አራት ልጆች የማደርሰው እኔ ነኝ። ስንመለስ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሻይ ቤቱ ላይ ተራ አለብኝ» አለችኝ። የልጅ ልጄ ዱላዋን ከሳሎኑ ግድግዳ አስደግፋ ስለ እሁዱ ታወራለች። ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻ የሊግ ጨዋታ ነው። እሁድ ደግሞ ከሌላ ከተማ የሚመጡ ክለቦች የሚሳተፉበት የአንድ ቀን ውድድር አለ። ለዚያ ውድድር ከፋሲካ ጀምራ ቀን ስትቆጥር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ጫፍ ቆሜ መጀመሪያ ያየሁት ነገር አሳቀኝ። ዝናብ በማይጠፋበት አገር ሰው ሠራሹን ሣር ውኃ ያጠጡታል። ኳሷ እንድትንሸራተትና ልጆቹ ሲወድቁ ጉልበታቸው እንዳይላጥ ነው አሉኝ። ቀጥሎ የነርስነት ዓይኔ ወደ ልጆቹ ትጥቅ ሄደ። ሁሉም የቅልጥም መከላከያ አሥረዋል፣ ሁሉም አፋቸው ውስጥ የጥርስ መከላከያ አድርገዋል። በአገሪቱ ሁለቱም ከ2015 ጀምሮ ግዴታ ናቸው። ግብ ጠባቂዋማ ከእግር እስከ ራሷ ተሸፍና ፊቷ የሚታየው በወንፊት ውስጥ ነበር። የሌሎቹ ራስ ግን ባዶ ነው።

ጨዋታው በአራት ክፍል ይከፈላል። በሦስተኛው ክፍል፣ የእኛዎቹ 2 ለ 1 እየመሩ ሳለ፣ አንዲት ተጋጣሚ ኳስ ልትመታ ዱላዋን ወደ ኋላ አነሳች። ከኋላዋ የልጅ ልጄ እየሮጠች ትመጣ ነበር። ዱላው ከጆሮዋ በላይ አገኛት። ወደቀች፤ ወዲያው ግን ተነሥታ ቆመች። ዳኛው ጨዋታውን አስቆመ። አሠልጣኟ ገና 20 ዓመት ያልሞላት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሮጣ ገብታ ክንዷን ይዛ አወጣቻት። ደም የለም፣ እብጠቱም ከቁንዶ በርበሬ ፍሬ አይበልጥም።

ልጅቷ አግዳሚው ላይ አስቀምጣት ፊት ለፊቷ በርከክ አለች። ልጄ እየተረጎመችልኝ ሰማሁ። «የት ሜዳ ነው ያለነው? ስንተኛው ክፍል ላይ ነን? ውጤቱ ስንት ነው?» የልጅ ልጄ የመጀመሪያውን በትክክል መለሰች። በሁለተኛው ላይ ትንሽ አሰበችና መለሰች። ውጤቱን ግን 1 ለ 1 ነው አለች። ሁለተኛዋን ግብ ያገባችው ራሷ ነበረች።

አሠልጣኟ የጥርስ መከላከያዋን ከእጇ ተቀበለቻትና «ለዛሬ አበቃ፤ ነገም የለሽም» አለቻት። ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። «ደህና ነኝ! ምንም አያመኝም!» ከቡድኑ ልጆች የአንዷ አባት ጠጋ ብሎ «ቆማ እየሄደች እኮ ነው፤ አሥር ደቂቃ አርፋ ትመለስ። ነገ ደግሞ አንዲት ልጅ የለችም፣ እሷም ከቀረች አሥር ሊሆኑ ነው» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያሰበው ለሌሎቹ ልጆች ነው። አሠልጣኟ «ያገባችውን ግብ አታስታውስም» አለችውና ወደ ጨዋታው ዞረች።

ልጄ ወደ እኔ አየች። «እማዬ፣ አንቺ ነርስ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

«ይቺ ልጅ ትክክል ናት» አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳችሁ። ራስ ሲመታ አንጎል በራስ ቅሉ ውስጥ ይናወጣል። ይህ እንዲሆን የግድ ራስን መሳት አያስፈልግም፤ ደምና ትልቅ እብጠትም ላይኖር ይችላል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ የቅርቡን ነገር መርሳት፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ ያለ ወትሮው መነጫነጭ ናቸው። አንዳንዶቹ ወዲያው ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ ከሰዓታት በኋላ፣ አልፎም በማግሥቱ ብቅ ይላሉ። ስለዚህ የልጁ «ደህና ነኝ» ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የተናወጠው አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ምት ካገኘው ጉዳቱ እጅግ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎም ሕይወት ያሳጣል። ሕጉ አጭር ነው። የተጠረጠረ ልጅ ከሜዳ ይወጣል፤ በዚያ ቀን አይመለስም።

ያለ እሷ 3 ለ 2 ተሸነፉ። ጨዋታው ሲያልቅ እዚያ አገር እንደተለመደው ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ ሎሚ መጠጥ ጠጡ። ዱላዋ የመታት ልጅ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ቋንቋቸውን ባልሰማም ብስኩት ሲካፈሉ አየሁ። ልጄ ሽርጥ አድርጋ ተራዋን ልትሠራ ገባች፤ እኔም አብሬያት ስኒ ሳጥብ ዋልኩ።

ከባዱ ሜዳው ላይ የሆነው አልነበረም፤ የቅዳሜ ማታው ነው። አያት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ እናቷ ስትከለክላት ወደ አያቷ ትሮጣለች። «እማማ፣ አንቺ ንገሪያት። አንቺ ካልሽ እሺ ትላለች። ነገ ብቻ!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ልጄም አንጀቷ ተላወሰ። «ምናልባት የመጨረሻውን ጨዋታ ብቻ…» ማለት ጀመረች። የልጅ ልጄ እራት ላይ ተቀምጣ አምፖሉን እያየች ዓይኗን ጨፈን አደረገችና «ይሄ መብራት ዛሬ ለምን በዛ?» አለች። ልጄና እኔ ተያየን። ክርክሩ እዚያው አበቃ።

ልጄ ከሥራ ሰዓት ውጭ ወደሚሠራው የሐኪም መሥመር ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ባለሙያ በዝርዝር ጠየቀቻት፤ ቤት ሆና እንድትጠበቅ፣ ስፖርት እንዳትነካ፣ አደገኛ ምልክት ከታየ ግን በአስቸኳይ እንዲያመጧት ነገረቻት። አደገኛ የሚባሉት እዚህም እዚያም አንድ ናቸው። የሚደጋገም ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መንተባተብ፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ የሚወጣ ደም ወይም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ማለት። ከነዚህ አንዱ ሲታይ ጊዜ ሳይባክን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። «የተመታ ልጅ እንዳይተኛ» የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እንቅልፍ በራሱ አይጎዳም፤ ዕረፍት ነው። የሚያስፈልገው እየገቡ ማየትና እንደ ወትሮው ሊነቃ መቻሉን ማረጋገጥ ነው። እኛም ተራ ገብተን እንዲሁ አደረግን።

እሁድ ልጄ ሌሎቹን ልጆች ማድረስ ነበረባትና ሄደች። እኔና የልጅ ልጄ መጋረጃ ዘግተን ቤት ዋልን። ስልክ መመልከት ራሷን ስላሳመማት የእናቷን መልእክት የማነበው እኔ ነበርኩ። ደች ባላውቅም ቁጥር አነባለሁ። «0 ለ 2» ስላት ትራሱን በቡጢ መታች። «1 ለ 1» ስላት «ማን አገባ?» አለች። በአሥር ልጅ አራት ጨዋታ ተጫውተው አንድ አሸነፉ፣ አንድ አቻ ወጡ፣ ሁለት ተሸነፉ። ወደ ማታ ላይ በሩ ተንኳኳ። ትናንት የተከራከረው አባት ነው። ሜዳ ላይ ተረስቶ የቀረውን ዱላዋን ይዞ መጥቶ «እንዴት ሆነች?» ብሎ ጠየቀ። ተኝታለች አልነው፤ ዱላውን በቀስታ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሄደ።

የልጅ ልጄ ሁለት ቀን አረፈች፤ ከዚያ ትምህርት ቤት በግማሽ ቀን ጀመረች። መጀመሪያ በእግር፣ ቀጥሎ ቀለል ባለ ሩጫ፣ ቀጥሎ ብቻዋን በዱላና በኳስ፣ ምልክት እንደማይመለስ እየታየ ደረጃ በደረጃ ተመለሰች። ሙሉ ልምምድ ስትገባ የውድድሩ ወቅት አልፏል። አሠልጣኟን ሳምንት ሙሉ አኩርፋት ነበር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ለዓመታት በድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። በኳስ፣ በገና ዱላ፣ ከግንብ ላይ በመውደቅ ራሳቸው ተመትተው «ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ግን ያስመልሰዋል» ተብለው የሚመጡ ልጆችን ተቀብያለሁ። እዚያ አገር ያየሁት ነገር ውድ ሜዳ ቢኖረውም፣ ያቺ አሠልጣኝ ያደረገችው ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስት ጥያቄ፣ አንድ ውሳኔ፣ ከጀርባዋ የሚቆም ወላጅ ብቻ።

ስለዚህ ልጃችሁን ለሰፈር ቡድን ወይም ለትምህርት ቤት ጨዋታ ስትሰጡ አሠልጣኙን አስቀድማችሁ ጠይቁት። ልጅ ራሱ ቢመታ ከሜዳ የሚያወጣው ማን ነው? ለወላጅ የሚደውለውስ? በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የት ነው? ስለ ጥርስም አንድ ነገር ልጨምር። የልጅ ቋሚ ጥርስ ተመትቶ ከወለቀ ሥሩን ሳትነኩ ከላይ በኩል ያዙት፤ ቢቆሽሽ አትፈትጉት፤ ወተት ውስጥ ከትታችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ሞክሩ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

የማታው ልመናም ይመጣልና ተዘጋጁ። አባትና እናት፣ አያትም ጭምር፣ ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ቃል ላይ ተስማሙ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነውና፣ ልጁ አንገታችሁ ላይ ሲጠመጠም አዲስ ክርክር እንዳትጀምሩ።