ፍየልን በጓሮ ስለ ማርባት

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው የአበው ተረት ችኩልን ሰው ለመዝለፍ የተነገረ ቢሆንም፣ ፍየልን በጓሮው ሊያረባ ለሚነሣ ሰው ግን የመጀመሪያው ትምህርት እርሱው ነው፤ በግ አንገቱን ደፍቶ ሣር ሲግጥ፣ ፍየል ቀና ብላ፣ ሲያሻትም በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ ከቁጥቋጦው ጫፍ ለጋ ለጋውን እየመረጠች የምትቀነጥብ ፍጥረት ናትና።

ይህን ሳላውቅ በአንድ የጥምቀት ማግሥት አንዲት ጥቁር ፍየል ገዝቼ ከጓሮዬ ሣር ላይ አሰርኋት። ሣሩን ረግጣው ሌሊቱን ሁሉ ስትጮህ አደረች፤ በሦስተኛው ቀን ገመዷን በጥሳ የጎረቤቴን ጌሾ እስከ ግንዱ ላጠችው። ካሣውን ከከፈልሁ በኋላ የጌሾው ባለቤት፣ አሮጊት ወይዘሮ፣ «ልጄ፣ ፍየል እንደ ባሕታዊ ብቻዋን አትኖርም፤ ጓደኛ ግዛላት» አሉኝ። ሁለተኛይቱ በመጣች ሌሊት ጩኸቱ ቆመ።

ሁለተኛይቱን ስገዛ ግን አፏን ከፍቼ ማየትን ተምሬ ነበር። ፍየል በላይኛው መንጋጋዋ የፊት ጥርስ የላትምና ዕድሜዋ የሚመረመረው ከታችኞቹ 8 ጥርሶች ነው፤ መካከለኞቹ ሁለቱ አንድ ዓመት ካለፋት በኋላ በትልልቅ ይተካሉ፣ 4 ዓመት ገደማ ሲሆናትም ስምንቱ ሁሉ ተተክተው ያልቃሉ።

ማደሪያዋ ሰፊ ባይሆንም ደረቅ ይሁን። ከመሬት ከፍ ያለ የርብራብ ቆጥ ቢሠራላት በጠጧ ወደ ታች ይወርዳል፣ ለጎመን መደብም ይሆናል። ቅጠሉን፣ ሰስፓንያም ቢሆን ሌላ፣ አስሮ ማንጠልጠል ነው፤ መሬት ወድቆ የቆሸሸውን ትጸየፋለችና። እህል ግን በድንገት እስክትጠግብ አይሰጣት፤ ጨጓራዋ ኮምጥጦ ትሞታለች።

በወንጌል የፍርድ ምሳሌ አባግዕ በየማን፣ አጣሊ በጸጋም መቆማቸውን እያነሡ ፍየልን የሚነቅፉ አሉ፤ ያ ወንጌል ራሱ በገዳሞቻችን ለዘመናት በፍየል ቆዳ ብራና ላይ ሲጻፍ መኖሩን ግን አያስታውሱም።

ፍየል ከተጠቃች በኋላ እስክትወልድ 150 ቀን ያህል ትቆያለች። ግልገሉ በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንገሩን ካልጠባ፣ በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ከየትም አያገኘውም፤ ብዙ ጀማሪ እንገሩን አልቦ በመጣል ግልገሉን በገዛ እጁ ይገድላል። ወጠጤውም በ4 ወሩ ከእናቱና ከእኅቶቹ ይለይ። በጎችንና ፍየሎችን በመንጋ ለሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ስላለ፣ የእንስሳት ሐኪሙን መጥራት የሚገባው ንፍጡና ተቅማጡ ሳይጀምር ነው።

ጥቁሯ ፍየል እስካሁን መንታ መንታ ሦስት ጊዜ ወልዳለች። ጌሾውም እንደገና አቆጥቁጧል፤ ወይዘሮዋ ግን ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል።