የዛንዚባር የባሕር አረም፦ ተረቱና እውነታው

ብዙ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ካራጊናን የሚባል ማወፈሪያ አለ። የሚወጣው ከባሕር አረም ነው። ዛንዚባር ይህን አረም አልምተው ከሚሸጡ ቦታዎች አንዷ ስትሆን፣ ስለ እርሻው የሚወራው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

ተረት፦ አረሙ በራሱ ይበቅላል፤ የሰው ሥራ መልቀም ብቻ ነው።

እውነታ፦ የሚሸጠው ተተክሎ የለማ ነው። እርሻው እ.ኤ.አ. በ1989 ፓጄና ጃምቢያኒን በመሳሰሉ የምሥራቅ ዳርቻ መንደሮች ሲጀመር ዝርያዎቹ የመጡት ከፊሊፒንስ ነው። አሸዋው ላይ ችካል ይመታል፤ በችካሎቹ መካከል ገመድ ይወጠራል፤ የአረሙ ቁራጮች አንድ በአንድ በሲባጎ ይታሰሩበታል። በስድስት ሳምንት ገደማ ይደርሳል። ከታጨደው ላይ ደህና ደህናው ለቀጣዩ ተከላ ይቀመጣል።

ተረት፦ ማዳበሪያና መስኖ ስለማይፈልግ ልፋት የለውም።

እውነታ፦ ማዳበሪያ አለመፈለጉስ እውነት ነው። የሥራውን ሰዓት የሚወስነው ግን ባሕሩ ነው። ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ ውሃው ከወትሮው ይበልጥ ይሸሻል፤ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑት ገበሬዎች ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው ለሰዓታት ያስራሉ፣ ያጭዳሉ። እርጥቡን በጆንያ ተሸክመው ያወጡና ያሰጡታል። ሲደርቅ አብዛኛው ክብደቱ ይጠፋል፤ የሚከፈላቸው ደግሞ በደረቁ ኪሎ ነው።

ተረት፦ ባሕር ድርቅ አያውቅም፤ ምርቱ አስተማማኝ ነው።

እውነታ፦ ጥልቀት የሌለው ውሃ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አረሙ ይነጣል፣ ይሰባበራል። በተለይ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው፣ ኮቶኒ የሚባለው ዝርያ በብዙ ቦታ አልሆን ብሏል። ስፒኖሰም የሚባለው ሌላው ዝርያ ሙቀቱን ይበልጥ ይችላል፤ ዋጋው ግን ዝቅተኛ ነው። ኮቶኒን ጥልቅ ውሃ ላይ መትከል ተሞክሯል። ለዚያ ጀልባ ያስፈልጋል፤ ዋና መቻልም ግድ ነው። ከገበሬዎቹ 80 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ዋና አይችሉም።

ተረት፦ የሚበላና ተፈላጊ ስለሆነ ገበሬው ይከብርበታል።

እውነታ፦ አረሙ ይበላል፤ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ሰላጣ ይሠራበታል። የዛንዚባሩ ግን በአብዛኛው ደርቆ ለውጭ ፋብሪካዎች ይጫናል፤ በዓለም ከሚለማው የባሕር አረም ከ95 በመቶ በላይ የእስያ ስለሆነም ትንሽ አምራች ዋጋ መቁረጥ አይችልም። ተመራማሪዋ ዶ/ር ፍላወር ምሱያ ሴቶቹ አረሙን ፈጭተው ሳሙናና ሌላም ነገር እንዲሠሩበት ሲያበረታቱ የቆዩት ለዚህ ነው። እሴት የተጨመረበት ምርት ከጥሬው የተሻለ ያወጣል።

እርሻው ለብዙ የዛንዚባር ሴቶች በገዛ እጃቸው የሚያዙበት ገንዘብ አስገኝቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ለሌላ የባሕር ዳርቻ ነዋሪ ከመምከር በፊት ግን ሁለት ነገር ይጣራ፦ ውሃው በበጋ ምን ያህል ይሞቃል? ደረቁን የሚገዛውስ ማን ነው፣ በስንት?