ደቻቱ ወንዝ

ደቻቱ (በኦሮምኛ ለገ ደቻቱ) ድሬዳዋ ከተማን ለሁለት ከፍሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያልፍ የአሸዋ ወንዝ ነው። በአንድ ወገን ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረው ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላና የቀፊራ ገበያ ይገኛሉ። አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ውኃ የለበትም። ሰው በእግሩ ይሻገርበታል፣ ግመልና አህያ ያልፉበታል፣ ለግንባታ የሚሆን አሸዋ ይዛቅበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ሰፊ ያልተነጠፈ መንገድ ሊመስለው ይችላል፤ ወንዙን አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የውኃው አመጣጥ

ደቻቱ ውኃውን የሚያገኘው በከተማው ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ይልቅ ከደቡብ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ደንገጎ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ሳለ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ የቆመው በዚሁ ዳገት ምክንያት ነው። ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። ስለዚህ ከተማይቱን የወለደውም፣ ጎርፍ የሚልክባትም ያው ተራራ ነው ማለት ይቻላል።

የተራራው ጎን ቀጥ ያለ ነው፤ ደኑ ተመንጥሯል፣ አፈሩም ሳስቷል። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ መሬቱ ውኃውን ለመምጠጥ ጊዜ ስለማያገኝ፣ ከየሸለቆው የሚወርደው ውኃ ድንጋይና ግንድ እየጠረገ በአንድ ላይ ወደ ደቻቱ ይገባል። በከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ እየታየ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ድሬዳዋ ላይ አለመዝነቡ ለደቻቱ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ዝናቡ ሁለት ወቅት አለው። ዋናው ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በልግ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ይጥላል። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለክረምቱ ብቻ ነው፤ ይሁንና በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በከተማው ሰው የገደለው ጎርፍ የበልግ ጎርፍ ነበር።

የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ

ከሁሉ የከፋው ጎርፍ የደረሰው ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2006) ነው። በደጋው ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ፣ በዳርቻው የነበሩትን ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ጠርጎ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ቤት አልባ ሆኑ። የሟቾች ቁጥር ይህን ያህል የበዛው ጎርፉ ሰው በተኛበት ሰዓት ስለመጣ ነው፤ ቀን ቢሆን ኖሮ ብዙዎች ድምፁን ሰምተው ይሸሹ ነበር። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርቻ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ቤቶችን ይከላከላል እንጂ አሸዋው ላይ ላለ ሰው የሚፈይደው ነገር የለም፤ እንዲያውም መውጫውን ሊያርቅበት ይችላል።

በአካባቢው በደህና መዘዋወር

ከከተማው በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ባለው ገደል፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ቄስና ተመራማሪ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ከጸሐፊው ኦንሪ ደ ሞንፍሬ ጋር ያገኘው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1933 በተደረገው ቁፋሮ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎችና የሰው መንጋጋ ተገኝተውበታል። በግድግዳው ላይም ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ። ብዙ ጎብኚ ወደ ሸለቆው የሚገባው ለዚህ ዋሻ ሲል ነው።

ለጉዞው የሚመረጠው ማለዳ ነው። አንደኛ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ከረፋዱ በኋላ ዳገት ለሚወጣ ሰው ትከብዳለች፤ ሁለተኛ፣ በደጋው ላይ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ከመነሳት በፊት ወደ ደቡብ ወደ ተራራው መመልከት፣ ደመና ከከበደበት ወይም መብረቅ ከታየበት ጉዞውን መተው ይገባል። ከደጋ በሚወርደው መንገድ የመጡ ሾፌሮችን መጠየቅም ጥሩ ነው፤ ላይ መዝነቡን ከከተማው ሰው ቀድመው ያውቃሉ። በአሸዋው ላይ ድንኳን መትከል፣ ማደር፣ መኪና አቁሞ መሄድ አይገባም። የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ መያዝም ይጠቅማል፤ ሸለቆው በሚጠብበት ቦታ መውጫው የትኛው እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አለ፦ ከላይ እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ፣ በደረቁ አሸዋ ላይ ቅጠልና አረፋ እየገፋ የሚመጣ ቀጭን የደፈረሰ ውኃ። ይህ ሲታይ ዕቃ ለመሰብሰብ ወይም ፎቶ ለማንሳት መቆየት አያስፈልግም። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ ከንቱ ነው፤ ወደ ጎን፣ በአቅራቢያው ወዳለው ከፍታ መውጣት ነው የሚያድነው።

የጎርፍ ጉልበት ከሚገመተው በላይ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይወስዳል። የደቻቱ ውኃ ድንጋይ ይዞ ስለሚመጣ ከዚህ ያነሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ርቀት ቢኖረውም በድልድይ መሻገር፣ ያ ካልተቻለ እስኪጎድል መጠበቅ ነው። ከጎደለም በኋላ ከሌላ ሸለቆ የተነሳ ሁለተኛ ጎርፍ ሊከተል ይችላል። አሸዋ የተዛቀባቸው ጉድጓዶችም በለስላሳ ደለል ተሸፍነው ስለሚቆዩ፣ ትናንት መኪና ያለፈበት ቦታ ዛሬ ሊያሰምጥ ይችላል።