ወደ ኬንያ ለሚሄዱ ነጋዴዎች፤ የኪራይ አውቶሞቢል ስለ መንዳት

ንግድን ድንበር ባያግደውም የመንገድ ደንብ ግን ከድንበር ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ዕቃ ለመግዛትም ሆነ ደንበኛ ለማነጋገር ወደ ናይሮቢ የሚወርድ ነጋዴ አውቶሞቢል ተከራይቶ ራሱ መንዳት ቢፈልግ፣ አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። እነዚህን ሳያውቅ መሪ የሚጨብጥ ሰው የሚያጣው ገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት፣ በኬንያ ተሽከርካሪ የሚሄደው የመንገዱን ግራ ወገን ይዞ ነው፤ ኡጋንዳና ታንዛንያም እንደዚሁ ናቸው። የእኛም አገር እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ይነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተለወጠ። ስለዚህ ዛሬ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ነጂ ልማዱን መለወጥ አያሻውም፤ ሞያሌን አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው ግን ይገደዳል።

አደጋው የሚያሠጋው ብዙ ተሽከርካሪ ባለበት መንገድ ላይ አይደለም፤ በዚያስ የፊተኛውን መከተል ይቻላል። የሚያሠጋው ማለዳ ጭር ባለ መንገድ፣ ከነዳጅ ማደያ ሲወጡና ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ነው፤ እጅ ሳይታወቅ ወደ ለመደው ወገን ይስባልና። አደባባይ የሚዞረው የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አኳኋን ሲሆን፣ ቅድሚያ የሚሰጠውም ከቀኝ ለሚመጣው ነው። መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ ማርሽ የሚለወጠው በግራ እጅ ነው፤ የእግር መርገጫዎቹ ተራ ግን አይለወጥም። በብዙዎቹ የጃፓን አውቶሞቢሎች ፍሬቻው ከመሪው በስተቀኝ ስለሚገኝ፣ እንግዳ ነጂ ፍሬቻ አበራሁ ሲል የዝናብ መጥረጊያውን ያስነሳል። ነገሩ ቢያስቅም፣ ከኋላ ያለው ነጂ ምልክት ስላላየ ቀልድ አይደለም። አውቶሞቢሉን በተረከቡበት ግቢ ጥቂት ዞሮ መለማመድ ይበጃል።

በከተማና በገበያ ሠፈር ውስጥ የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች በድንገት ስለሚቆሙ ርቀት መጠበቅ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር የሚሆን የናይሮቢ ፈጣን መንገድ የሚታለፈው በክፍያ ነው።

አሁን ወደ ውሉ እንመለስ። ይህ ጸሐፊ በሥራው ብዙ ውሎችን አንብቧል፤ ጠቡ የሚነሣው ዘወትር ሳይነበብ ከታለፈው መስመር ነው። ከመፈረም በፊት አራት ነገሮች ይጠየቁ፦

1ኛ/ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻውን ይበቃ እንደሆነ ወይም ዓለም አቀፍ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ፤

2ኛ/ ጉዳት ቢደርስ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ተከራዩ ከኪሱ የሚከፍለው ስንት እንደሆነ፤

3ኛ/ በውሉ ስሙ ያልተጻፈ ጓደኛ ቢነዳ ኢንሹራንሱ ይጸና እንደሆነ፤

4ኛ/ አውቶሞቢሉ ድንበር እንዲያልፍ በጽሑፍ ተፈቅዶ እንደሆነ።

አውቶሞቢሉንም ሲረከቡ የነበረበትን ጭረት ፎቶግራፍ ማንሣት ነው።

የራሱን ተሽከርካሪ ይዞ የሚሻገር ነጋዴ ደግሞ ከኢንሹራንስ ኩባንያው የኮሜሳን ቢጫ ካርድ ያውጣ። ይህ ካርድ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚያገለግል ስለሆነ፣ የራስ ንብረት ጉዳት በዚሁ ተሸፍኗል ብሎ መተማመን አይገባም።

ግጭት ቢደርስ በስምምነት ተለያይቶ መሄድ ከንቱ ነው። ለፖሊስ አመልክቶ በዚያ አገር አብስትራክት የሚባለውን ማስረጃ መቀበል ያስፈልጋል፤ ኢንሹራንስ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቀን ብቻ የሆነ ነጋዴ አውቶሞቢሉን ከነነጂው ቢከራይ ይሻለዋል። የነጂው አበል ከአንድ ግጭት ወጪ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው።